አምስት ተጽፎ ሠላሳ የሚቆጥር ኮምፒውተር፦ የጉዳይ ጥናት

አክስቴ የትርጉም ሥራቸውን የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ልጃቸው ለትምህርቱ የሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ደግሞ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ የቤቱ አንድ ኮምፒውተር ሁለቱንም ስርዓተ ክወናዎች ይዟል። ማብሪያው ሲጫን መጀመሪያ የሚመጣው የግራብ ማስነሻ ሜኑ ነው፤ ግራብ የትኛው ስርዓት እንደሚነሳ የሚያስመርጠው ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የእሳቸው ሊኑክስ ከላይ፣ ዊንዶውስ ከታች ተዘርዝረው ይታያሉ፤ ከሥር ሰከንዶች ወደ ኋላ ይቆጠራሉ። ቆጠራው እስኪያልቅ ማንም ቁልፍ ካልነካ ኡቡንቱ ይነሳል።

ችግሩን በስልክ የነገሩኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ልጄ፣ 5 ብዬ ጻፍኩ፤ እሱ ግን 30 ይቆጥራል።»

«እትዬ፣ ከጻፉ በኋላ አፕዴት-ግራብ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተዋል?»

«ሁለት ጊዜ። ፋይሉንም ሦስት ጊዜ ከፍቼ አይቼዋለሁ። 5 ነው የሚለው።»

በዚሁ ንግግር መካከል ሌላም ነገር ጣል አድርገው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኮምፒውተሩ ባለፈው የተመረጠውን ስርዓት እንዲያስታውስ ለማድረግ ሞክረው፣ በተነሳ ቁጥር «ስፓርስ ፋይል አይፈቀድም» የሚል የስህተት መልእክት እየመጣ አንድ ቁልፍ እንዲጫኑ ሲያስገድዳቸው፣ ቅንብሩን ወደ ነበረበት መልሰውታል። እኔ ይህን ሰምቼ አለፍኩት፤ ሌላ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። መልሱ ግን እዚያ ውስጥ ነበር።

ስለ ትእዛዙ አስቀድሜ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ግራብ እኛ የምናስተካክለውን ፋይል ፈጽሞ አያነብም። እኛ የምንጽፍበት /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ የሚባለው አጭር የቅንብር ፋይል ነው፤ ግራብ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነበው ግን /ቡት/ግራብ/ግራብ.ሲኤፍጂ የሚባለውን ረጅም ፋይል ነው። ስሞቹን እዚህ በድምፃቸው ጻፍኳቸው እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ በትናንሽ የላቲን ፊደላት ነው ያሉት፤ ከዚህ በታች የሚመጡት የቅንብር ስሞች ደግሞ በትላልቅ ፊደላት ተጽፈው ቃላቱ በታችኛው ሰረዝ ይያያዛሉ። ሁለቱን ፋይሎች የሚያገናኛቸው «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ በ/ኢቲሲ/ግራብ.ዲ አቃፊ ውስጥ ያሉትን ስክሪፕቶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ያስኬዳል፤ እነሱም ከአጭሩ ፋይል ተነስተው ረጅሙን እንደ አዲስ ይጽፉታል። እኔ ከማውቃቸው ተመሳሳይ ቅሬታዎች አብዛኞቹ የሚፈቱት ይህን ትእዛዝ በመስጠት ብቻ ነው። የአክስቴ ግን ከዚያ ያለፈ ነበር።

ጉዳዩ የ25 ሰከንድ ልዩነት ነው ብሎ የሚያቃልለው ሰው ይኖራል። እኔ አላቃለልኩትም። አንድ ሰው መመሪያውን አንብቦ፣ ትክክለኛውን ፋይል ከፍቶ፣ ትክክለኛውን ቁጥር ጽፎ፣ ማሽኑ እንዳልሰማ ሲሆንበት የሚጠረጥረው ማሽኑን አይደለም፤ ራሱን ነው። አክስቴ በስልኩ መጨረሻ ላይ «ምናልባት እኔ አንድ ነገር አበላሽቼ ይሆናል» አሉ። ምንም አላበላሹም ነበር፤ ይህን በማስረጃ ላሳያቸው ፈለግሁ።

በማግስቱ ሄጄ ከምንም በፊት ለካሁ። ኮምፒውተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁና ሜኑው ከታየበት እስከጠፋበት ያለውን ጊዜ በስልኬ ሰዓት ቆጠርኩ። ሦስቱም ጊዜ 30 ሰከንድ ሆነ። አንዴ 12፣ አንዴ 40 ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ወደ ሃርድዌር ያመራ ነበር። እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር ግን አንድ ቦታ በአንድ ሰው የተጻፈ መሆን አለበት። 5 የአክስቴ ቁጥር ነው። ኡቡንቱ ከፋብሪካ ሲወጣ በዚያ ፋይል ላይ የሚጽፈው 0 ነው። 30 በአጭሩ ፋይል ውስጥ የትም የለም። እንግዲህ ጥያቄው «5 ለምን አልሠራም?» መሆኑ ቀርቶ «30 የት ተጽፏል?» ሆነ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። የዊንዶውስ ማስነሻ አስተዳዳሪም የራሱ የመጠበቂያ ጊዜ እንዳለው፣ መነሻ ዋጋውም 30 ሰከንድ እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ዊንዶውስ ገብቼ የትእዛዝ መስኮቱን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፈትኩና «ቢሲዲኤዲት» ብዬ ጻፍኩ። ከላይ በመጀመሪያው ክፍል፣ በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ፣ የመጠበቂያ ጊዜ 30 ይላል! ልቤ ዘለለ። ያንኑ ትእዛዝ ተጠቅሜ ወደ 5 ቀየርኩትና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁ። አክስቴ አጠገቤ ቆመው አብረውኝ ቆጠሩ። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ።

ቁጥሮቹ ተገጣጠሙ እንጂ ዝምድና አልነበራቸውም። ረጋ ብዬ ባስብ ኖሮ ሳልሞክረው በደረስኩበት ነበር። የዊንዶውስ ማስነሻ ሥራ የሚጀምረው በግራብ ሜኑ ላይ ዊንዶውስ ከተመረጠ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን የራሱን ሜኑ የሚያሳየው የሚያስመርጠው ከአንድ በላይ ነገር ሲኖረው ነው። ገና ያልተነሳ ፕሮግራም በግራብ ማያ ላይ ሰከንድ ሊቆጥር አይችልም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ሰዓቶች አሉ፤ የፈርምዌሩ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም)፣ የግራብና የዊንዶውስ፤ የሚሠሩትም በተራ ነው። የፈርምዌሩን ከሊኑክስ ሆኜ «ኢኤፍአይቡትኤምጂአር» በሚለው ትእዛዝ አየሁት፤ 1 ሰከንድ ነበር፤ እሱም የሚያልቀው ግራብ ከመምጣቱ በፊት ነው። የዊንዶውሱን ወደ 30 መለስኩት። ያልጠቀመን ለውጥ ትቶ መሄድ ለሚቀጥለው ፈላጊ ወጥመድ ማስቀመጥ ነው።

ከዚያ ወደ ኡቡንቱ ተመልሼ ነገሩን ከሥሩ ያዝኩ። በመጀመሪያ ረጅሙ ፋይል መቼ እንደተጻፈ አየሁ፤ ቀኑና ሰዓቱ አክስቴ ትእዛዙን ለመጨረሻ ጊዜ ከሰጡበት ጋር ይስማማል። ማለትም የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነው። ቀጥሎ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ.ዲ የሚባለውን አቃፊ ከፈትኩ። በዚያ አቃፊ የሚቀመጡ፣ ስማቸው በነጥብ ሲኤፍጂ የሚያልቅ ፋይሎች ከዋናው የቅንብር ፋይል በኋላ ስለሚነበቡ፣ እዚያ የተጻፈ ቁጥር የዋናውን ይሽራል። ስለ ጊዜ የሚናገር አንድም መስመር አልነበረም። ሦስተኛው ጥርጣሬ ኮምፒውተሩ ሌላ ረጅም ፋይል እያነበበ ይሆን የሚል ነበር። ከዚህ በፊት ሁለተኛ ሊኑክስ ተጭኖ የሚያውቅ ከሆነ፣ የድሮው ግራብ የድሮውን ፋይል እያነበበ አዲሱ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ይህን የሚያሳየው በኢኤፍአይ ክፋዩ (የማስነሻ ፋይሎች በሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) ላይ በኡቡንቱ አቃፊ ውስጥ የተቀመጠው ጥቂት መስመሮች ብቻ ያሉት ትንሽ ፋይል ነው፤ ሥራው ዋናው ፋይል በየትኛው ክፋይ ላይ እንዳለ በክፋዩ መለያ ቁጥር መጠቆም ብቻ ነው። መለያ ቁጥሩን ከኡቡንቱ ክፋይ መለያ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት። አንድ ነው።

አሁን የቀረው ረጅሙ ፋይል ራሱ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ፋይል ይፈራዋል፤ መጀመሪያው ላይም እንዳይነካ የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻ አለው። ማንበብ ግን መንካት አይደለም። በተርሚናል ላይ «ግሬፕ» በሚለው ትእዛዝ ታይምአውት የሚል ቃል ያለባቸውን መስመሮች በመስመር ቁጥራቸው አወጣኋቸው። ጊዜ የሚያስቀምጡት መስመሮች አምስት ነበሩ። በቅደም ተከተላቸው 30፣ 5፣ 5፣ 30፣ 10 ይላሉ።

አክስቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «5ቱማ አለ» አሉ። አለ፤ ሁለት ጊዜ። የጻፉት ሁሉ በቦታው ደርሷል። ከላይም ከታችም ሌሎች ቁጥሮች ከበውታል እንጂ።

እነዚህን መስመሮች ከነዙሪያቸው ማንበብ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው በሁኔታ የታጠሩ ናቸውና። የመጀመሪያው 30 የሚሠራው «ሪኮርድፌይል» የሚባለው ምልክት 1 ከሆነ ነው። ይህ የኡቡንቱ የራሱ ዘዴ ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ግራብ ሊኑክስን ሊያስነሳ ሲል «ይህ ሙከራ ከሽፏል» ብሎ አስቀድሞ ይመዘግባል። ሊኑክስ በሰላም ከተነሳ፣ ከአገልግሎቶቹ አንዱ ያንን ምዝገባ ይሰርዘዋል። ካልተነሳ ግን ምዝገባው እንዳለ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግራብ ያየውና ሜኑውን ለ30 ሰከንድ ያሳያል፤ ሰውየው ረጋ ብሎ የማገገሚያ አማራጩን ወይም የቀድሞውን ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) እንዲመርጥ። ምልክቱ ከሌለ ደግሞ ሁለቱ 5 ያሉባቸው መስመሮች ተራቸው ይሆናል፤ ሁለት የሆኑት አንዱ ለአዲሱ፣ አንዱ ለአሮጌው የግራብ አሠራር ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ባለፈው መነሳት ከሽፎ ምልክቱ ሳይሰረዝ ቀርቶ ይሆናል አልኩ። «ግራብ-ኤዲትኢኤንቪ» የሚለው ትእዛዝ ሊስት ከሚል ቃል ጋር ሲሰጥ የተመዘገቡትን ምልክቶች ይዘረዝራል። ዘረዘርኩ። ሪኮርድፌይል የሚባል ነገር በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ይህን ደረጃ ዘልዬ ምልክቱን ልሰርዝ ብል ኖሮ፣ የሌለ ነገር ሰርዤ መፍትሔ አገኘሁ ብዬ እንደገና አፍር ነበር።

ታዲያ ሁለተኛው 30? እሱ ከ5ቶቹ በታች የተቀመጠ ነው፤ በግራብ ፋይል ውስጥ ደግሞ በኋላ የመጣው ቁጥር የቀደመውን ይተካል። (የመጨረሻዋ 10 የራሷ አጥር አላት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።) የሁለተኛው 30 አጥር ስለ ክሽፈት ምንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ የተነሳው ባዮስን በተካው አዲሱ ፈርምዌር፣ በዩኢኤፍአይ፣ ነው ወይ? እርግጠኛ ለመሆን ኮምፒውተሩን አስነስቼ በሜኑው ላይ የሲ ፊደልን ተጫንኩና ወደ ግራብ የትእዛዝ መስመር ገባሁ። «ኤኮ» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ የዶላር ምልክትና ግራብ_ፕላትፎርም የሚለውን ተለዋዋጭ በትናንሽ ፊደላት ስጽፍ፣ ኢኤፍአይ ብሎ መለሰ። እንግዲህ በዚህ ኮምፒውተር ላይ በየቀኑ፣ በየመነሳቱ፣ 5 ይጻፍና ወዲያው 30 ይተካዋል።

ግን ሁሉም ኡቡንቱ ያለበት የዩኢኤፍአይ ኮምፒውተር 30 ሰከንድ አይጠብቅም። የእኔ አይጠብቅም። የራሴን ኮምፒውተር ረጅም ፋይል ከፍቼ ሳስተያይ ሁለተኛው 30 የሚባል መስመር ጭራሽ የለበትም። ልዩነቱን ፍለጋ ወደ ላይ ወጣሁ፤ በአክስቴ ፋይል ውስጥ፣ ሪኮርድፌይል የሚለው ተግባር በሚጀምርበት ቦታ፣ በእኔ ላይ የሌለ አንድ ማስታወሻ አገኘሁ። ግራብ በቢቲአርኤፍኤስ ላይ መጻፍ ስለማይችል የሪኮርድፌይል ሥራ እንዲቆም ተደርጓል ይላል። ቢቲአርኤፍኤስ የአክስቴ ዲስክ ፋይሎቹን የሚያደራጅበት የፋይል ስርዓት ነው።

ያኔ ያ በስልክ የሰማሁት የስህተት መልእክት ተመልሶ መጣብኝ። ኮምፒውተሩ ያለፈውን ምርጫ እንዲያስታውስ ማድረግ ማለት ግራብ በዲስክ ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ነው። መጻፍ ስላልቻለ ነው ያጉረመረመው። ሁለት ጉዳይ ያልኩት አንድ ጉዳይ ነበር፤ አክስቴ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የነገሩኝ ሲሆን፣ የለያየኋቸው እኔ ነኝ።

ይህን ክፍል ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ጊዜ ሳይገለጽ የሚታለፈው እሱ ነውና። ግራብ ብዙ ዓይነት የፋይል ስርዓቶችን ያነባል፤ የመጻፍ ችሎታው ግን እጅግ የተወሰነ ነው። አዲስ ፋይል መፍጠር፣ ፋይል ማስረዘም አይችልም። የሚጽፈው በአንድ ብልሃት ነው። ግራብኢኤንቪ የሚባል፣ መጠኑ ሁልጊዜ 1024 ባይት የሆነ ፋይል አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ግራብ ይህ ፋይል በዲስኩ ላይ የትኛው ቦታ እንደተቀመጠ ያይና በዚያው ቦታ ላይ በቀጥታ ደርቦ ይጽፋል። መጠኑ ስለማይለወጥ የፋይል ስርዓቱ መዝገብ አይዛባም። ኤክስት4 በሚባለው በተለመደው የሊኑክስ የፋይል ስርዓት ላይ ይህ ያለ ችግር ይሠራል። ቢቲአርኤፍኤስ ግን የተጻፈን ነገር በቦታው ላይ አይለውጥም፤ አዲሱን በሌላ ቦታ ጽፎ መዝገቡን ወደዚያ ያዞራል። ለእያንዳንዱ የመረጃ ክፍልም የማረጋገጫ ድምር ይይዛል። ከገጹ ግርጌ ድምሩ የተጻፈበትን የሒሳብ መዝገብ ያስቡ፤ አንድ ሰው ድምሩን ሳያስተካክል መካከል ላይ አንድ ቁጥር ፍቆ ቢቀይር፣ ቀጥሎ የሚያነበው ሒሳብ ሠራተኛ ገጹ ተበላሽቷል ብሎ ነው የሚጥለው። ግራብም በቢቲአርኤፍኤስ ላይ ደርቦ ቢጽፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ አይጽፍም፤ ባይጽፍም ደግ አደረገ። ዜድኤፍኤስ የሚባለው ሌላ የፋይል ስርዓትም እንዲሁ በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ይገባል፤ ኤልቪኤም (የዲስክ ክፋዮችን የሚያስተዳድር የሊኑክስ ዘዴ) ላይ የተቀመጠ የቡት አቃፊም እንዲሁ። ስለዚህ የቡት አቃፊው በኤልቪኤም ውስጥ የተቀመጠበት ሰው ይህንኑ 30 ሰከንድ ያያል፤ የቡት ክፋዩ ለብቻው በኤክስት4 የተሠራለት ግን አያየውም። አክስቴ ኡቡንቱን ሲጭኑ ቢቲአርኤፍኤስን የመረጡት የድሮ ይዞታን መልሶ ማምጣት የሚያስችል ቅጂ ስለሚይዝላቸው ነው፤ ለትርጉም ሰነዶቻቸው ጥሩ ምርጫ ነበር።

ግራብ መመዝገብ ካልቻለ ያለፈው መነሳት ይክሸፍ ይሳካ ሊያውቅ አይችልም። የኡቡንቱ አዘጋጆች በዚህ ጊዜ የመረጡት ሁልጊዜ እንደከሸፈ ቆጥሮ ለሰውየው 30 ሰከንድ መስጠትን ነው። ውሳኔው የሚገባኝ ነው። በዩኢኤፍአይ ላይ የተደበቀ ሜኑን ለማውጣት ኤስኬፕ የሚለውን ቁልፍ በትክክለኛዋ ቅጽበት መጫን ያስፈልጋል፤ በድሮው ባዮስ ግን ሺፍትን ተጭኖ መቆየት ይበቃ ነበር። ስለዚህ አዲስ ከርነል ቢበላሽ፣ ሜኑውም ቢደበቅ፣ ብዙ ሰው መውጫ ያጣ ነበር። የማልስማማው በአንዱ ነገር ነው፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ሜኑ ይታይ፣ 5 ሰከንድ ይቆይ ብሎ ከጻፈ በኋላ ውሳኔውን በዝምታ መሻር አልነበረበትም። ቢያንስ አፕዴት-ግራብ በሚሠራበት ጊዜ አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ቢያወጣ አክስቴ ሁለት ሳምንት ራሳቸውን ባልጠረጠሩ ነበር።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ሁለቱ 30ዎች የሚመጡት ግራብ_ሪኮርድፌይል_ታይምአውት ከሚባል ቅንብር ሲሆን፣ ቅንብሩ ካልተጻፈ ስክሪፕቱ 30ን ይወስዳል። በአጭሩ ፋይል ውስጥ ይህ ስም ከመነሻው የለም፤ አክስቴ ፋይሉን ሦስት ጊዜ ቢያነቡትም ሊያገኙት አይችሉም ነበር። ግራብ_ታይምአውት ከሚለው መስመር ሥር አዲስ መስመር ከፍተን ስሙን፣ የእኩል ምልክትና 5ን ያለ ክፍት ቦታ አያይዘን ጻፍን፤ አስቀመጥን፤ አፕዴት-ግራብን አዘዝን። ኮምፒውተሩን ከማስነሳታችን በፊት ረጅሙን ፋይል እንደገና በግሬፕ አየነው፦ 5፣ 5፣ 5፣ 5፣ 10። አስነሳን። ቆጠርን። በአምስተኛው ሰከንድ ሜኑው ጠፋ።

ሁለት ሌሎች መንገዶች ነበሩ፤ ለምን እንደተውናቸው ልናገር። ረጅሙን ፋይል በእጅ ማረም ይቻላል፤ ለአንድ ቀን ሙከራ ጥሩ ነው፤ ግን አዲስ ከርነል በገባ ቁጥር ፋይሉ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ እርማቱ ይጠፋል፤ ባለቤቱም «ትናንት ይሠራ ነበር» እያለ ግራ ይጋባል። በዲስኩ ላይ ለቡት አቃፊ የተለየ የኤክስት4 ክፋይ መሥራት ደግሞ ከሥሩ ይፈታዋል፤ የክሽፈት ምዝገባውም ምርጫ ማስታወሱም ያኔ ይሠራሉ። ነገር ግን የሰው ሥራ ያለበትን ዲስክ ክፋዮች ማንቀሳቀስ ለ25 ሰከንድ የሚገባ አደጋ አይደለም። አዲስ የሚጭን ሰው ቢሆን ያንኑ እመክረዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሲከታተል ቆይቶ «ታዲያ ለምን 0 አናደርገውም?» አለ። 0 ማለት ሜኑው ሳይጠብቅ ወዲያው ኡቡንቱ ይነሳ ማለት ስለሆነ ወደ ዊንዶውስ የሚገባበት መንገድ እንደሚጠበው ነገርኩት፤ ግን ያችን አምስተኛ መስመር፣ 10 የምትለዋን፣ ለማስረዳት ጥሩ አጋጣሚ ስለሆነች ሁለቱንም ቅንብሮች 0 አድርገን ሞከርን። ሜኑው 10 ሰከንድ ቆጠረ። ልጁ ደነቀው። ያች መስመር የምትመጣው ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን ከሚፈልገው ስክሪፕት ነው፤ ኦኤስ-ፕሮበር ዊንዶውስን ካገኘ፣ የመጠበቂያ ጊዜው ደግሞ 0 ሆኖ ከደረሰው፣ ሜኑው እንዲታይና 10 ሰከንድ እንዲቆይ ያደርጋል። ሁለተኛ ስርዓት ያለበት ቤት ምርጫ እንዳያጣ የተደረገ ነው። ስለዚህ በድርብ ማስነሻ ኮምፒውተር ላይ 0 ጽፎ 10 ያየ ሰው ካለ ምክንያቱ ይህ ነው፤ 1 ብሎ ቢጽፍ 1 ይሆንለታል። ላልተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ የሚፈልግ ደግሞ -1 ይጽፋል።

ቁጥሩን ወደ 5 መልሰን ተለያየን። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደወሉ። ልጁ ዊንዶውስን ለመምረጥ ጊዜ እያጠረው ነው፤ ሜኑው «ብልጭ ብሎ» ይጠፋል። እንዴት 5 ሰከንድ ብልጭታ ይሆናል? በድጋሚ ለካነው፤ በዚህ ጊዜ እኔ በስልክ፣ እሳቸው በሰዓት። ጠዋት ሞኒተሩ ከእንቅልፉ ነቅቶ ምስል እስኪያሳይ ድረስ 3 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። እኔ በመጣሁበት ቀን ደጋግሜ ስላስነሳሁት ሞኒተሩ ነቅቶ ነበር፤ ስለዚህ ሙሉ 5 ሰከንድ አየሁ። በእውነተኛው ጠዋት ግን ግራብ ቆጠራውን የሚጀምረው ሞኒተሩን ሳይጠብቅ ስለሆነ፣ ለሰው ዓይን የሚተርፈው 2 ሰከንድ ብቻ ነው። የመጠበቂያ ጊዜን በሞቀ ኮምፒውተር ላይ መለካት እንደሚያሳስት ያኔ ነው የተማርኩት። ሁለቱንም ቅንብሮች 8 እንዲያደርጓቸው ነገርኳቸው። ፋይሉን ከፈቱ፣ ጻፉ፣ አዘዙ፤ እኔ ከዚህ ጫፍ የቁልፎቹን ድምፅ ብቻ እሰማ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ስለ ሌላ ነገር ተደዋወልን። ንግግራችን ሊያበቃ ሲል፣ «አዲስ ከርነል ገብቷል» አሉኝ። «ረጅሙን ፋይል ከፍቼ አይቼዋለሁ። አራቱም 8 ናቸው፤ የመጨረሻዋ 10 ናት።»